የማቆሚያው ቁልፍ በመምህሩ እጅ ይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ከሚነሱት አጀንዳዎች መካከል ትምህርትን በአጫጭር ቪዲዮና በአኒሜሽን መደገፍ የሚለው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተደጋገመ መጥቷል። ፕሮጀክተር የተገዛላቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን በፓወር ፖይንት አዘጋጅተው እንዲያስተምሩ ያሳስባሉ፤ ያልተገዛላቸውም መምህሩ በራሱ ላፕቶፕ እንዲያሳይ ይመክራሉ፤ ለክፍል ምልከታ የሚመጡ ሱፐርቫይዘሮችም በያዙት ቅጽ ላይ ቴክኖሎጂ መጠቀም አለመጠቀሙን ምልክት የሚያደርጉበት ቦታ አላቸው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ስሆን ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም በዓይን የማይታየውን ሁሉ በጠመኔ ሥዕል ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር መምህር ቪዲዮ የሚጠላበት ምክንያት የለውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ውይይቱ ሁሉ በዕቃው ላይ ስለሆነ፣ ቪዲዮው በሚታይበት ሰዓት የሚያቆመው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውና ድምፁን የሚዘጋው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ስለተዘነጋ ነው። ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት አንድ ጊዜ ተፈትነንበታል።

በ1997 ዓ.ም. በተለምዶ ፕላዝማ የምንለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በገጠርም ሆነ በከተማ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ትምህርት ያገኛል የሚል ተስፋ ተይዞ ነበር። ተስፋው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ የሚሆነውን በዓይኑ ያየው በዚያ ስክሪን ነው፤ የእንግሊዝኛ ንግግር ለመስማት የመጀመሪያ ዕድሉን ያገኘውም ብዙ ነው። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚሰራጩ ስለነበሩ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ያህሉን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ለመግቢያ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ለማጠቃለያ ናቸው። በመካከል አንድ ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። አቅራቢዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሴኮንዶች ትጠብቃለች፤ ከዚያም ማንም ምንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ» ብላ ታልፋለች። ይህ ነገር በየክፍሉ የሳቅ ምንጭ እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ሄዷል፤ ተመልሶ አይመጣም።

ፕላዝማ ሲወቀስ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የቋንቋው ክብደትና የአቅራቢዎቹ አነጋገር ነው። እኔ ግን ትልቁ ጉድለት የማቆሚያ ቁልፍ አለመኖሩ ይመስለኛል። ቋንቋው ቢከብድ እንኳ መምህሩ ምስሉን ገትሮ «እስካሁን ያየነው ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ቢችል ኖሮ ክብደቱ በግማሽ ይቀልል ነበር። ልምድ ያለው መምህር በዚያ ሥርዓት የቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ነው የቀረው፤ ብዙዎችም ሙያቸው እንደተናቀ ተሰምቷቸው ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ቪዲዮው በፍላሽ ወይም በስልክ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ በፈለግነው ቦታ ይቆማል፣ በፈለግነው ጊዜ ይደገማል። ታዲያ በምልከታም ሆነ በልምድ ልውውጥ ወደ ባልደረቦች ክፍል ስገባ ደጋግሜ የማየው ምንድን ነው ቢሉ፣ መምህሩ ፋይሉን ከፍቶ ወደ ክፍሉ ጥግ ይሄዳል፤ ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሮጣል፤ ሲያልቅ «ገባችሁ?» ይባላል፤ «አዎ!» የሚል የጋራ መልስ ይሰማል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ማንም ሳያስገድደን ፕላዝማን በገዛ እጃችን መልሰን ተክለነዋል ማለት ነው።

ይህ የእኔ የግል ስሜት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛው አቆጣጠር በ2001 ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር የተባሉ ተመራማሪዎች መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ 140 ሴኮንድ ብቻ የሚፈጅ አኒሜሽን ወስደው በ16 ቁራጮች ከፋፈሉት፤ ተማሪው አንዱን ቁራጭ አይቶ ሲጨርስ ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ አደረጉ። ፍጥነቱን ራሳቸው የወሰኑት ተማሪዎች፣ ያንኑ አኒሜሽን ሳይቋረጥ ካዩት ይልቅ፣ ያዩትን በአዲስ ችግር ላይ እንዲያውሉት ለሚጠይቁ ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ሰጥተዋል። ልብ ይበሉ፤ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ማቆም ካስፈለገ ለ15 ደቂቃው ምን ሊባል ነው? በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባርባራ ትቨርስኪና ባልደረቦቿ አኒሜሽንን ከቆመ ሥዕል ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችን መርምረው፣ አኒሜሽን ይበልጣል የተባለባቸው ብዙዎቹ ጥናቶች በእርግጥ ያነጻጸሩት እኩል መረጃ የያዙ ነገሮችን አለመሆኑን አሳይተዋል። ተንቀሳቃሹ ምስል በቆመው ሥዕል ላይ ያልነበረ ተጨማሪ ነገር ይዞ ነበር። ከዚህም በላይ እንቅስቃሴው ከመጠን በላይ ሲፈጥን ወይም ሲወሳሰብ ዓይን አይከተለውም፤ ያየ ይመስለዋል እንጂ አላየም።

ይህን በአንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳይ። የደም ዝውውርን የሚያስረዱ አኒሜሽኖች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ኦክሲጅን የያዘውን ደም በቀይ፣ ኦክሲጅኑን ያራገፈውን በሰማያዊ ቀለም ይሥሉታል። ለመለየት ይመቻል። ቪዲዮውን ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ያየ ተማሪ ግን በሰውነታችን ውስጥ ሰማያዊ ደም የሚፈስ ይመስለዋል፤ ፈተና ላይም እንዲያ ብሎ ይጽፋል። ከክንድ ቆዳ ሥር የሚታየው የደም ሥር ሰማያዊ መስሎ መታየቱ ደግሞ ግንዛቤውን ያጠናክርለታል። ስለዚህ እኔ ሰማያዊው ደም በደም መልሱ በኩል ወደ ልብ የቀኝ ገንዳ ሊገባ ሲል ምስሉን አቆመውና «ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለምርመራ ደም ሲቀዳላችሁ መርፌው የሚገባው የትኛው የደም ሥር ውስጥ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክርክር ይነሣል። ደም ቅዳ ነው የሚል አለ፣ ደም መልስ ነው የሚል አለ። ደም መልስ መሆኑን ከተስማማን በኋላ «ታዲያ ስሪንጁ ውስጥ ያያችሁት ቀለም ምን ነበር?» ስላቸው ክፍሉ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «ቀይ ነው ቲቸር፤ ግን ጠቆር ያለ» ይላል። ሰማያዊው ሠዓሊው ለማመልከቻ የመረጠው ቀለም እንጂ የደሙ ቀለም አለመሆኑን በዚያች ቅጽበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት። ቪዲዮው አራት ደቂቃ ነው፤ ከእኔ ክፍል ጋር ግን ግማሹን ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ በሚገባ የወሰደው ጊዜ ነው እላለሁ። ቀጥሎ ምስሉን አጥፍቼ ደሙ ከቀኝ ገንዳ ወጥቶ በሳንባ በኩል ወደ ግራ ገንዳ እስኪመለስ ያለውን መንገድ በደብተራቸው ላይ እንዲሥሉ አዛለሁ። ማን እንደተረዳና ማን እንዳልተረዳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሳንባ የሚመለሰው ደም መልስ ኦክሲጅን የያዘ ደም የሚያመላልስ መሆኑ የሚጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቪዲዮው ግን ያንን በግልጽ አሳይቷቸው ነበር።

የድምፁም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ተማሪ፣ ምስሉን ለመከታተልና የማያውቀውን ንግግር ለመፍታት በአንድ ጊዜ ሲታገል ሁለቱም ያመልጡታል። የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ማሳየት። የወባ ተውሳክ ከአኖፌለስ ትንኝ ምራቅ ጋር ወደ ሰው ደም ሲገባ፣ ጉበት ውስጥ ሲራባ፣ ከዚያ ወጥቶ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲወር የሚያሳየውን አኒሜሽን ያለ ድምፅ ካዩ በኋላ ተማሪዎቹ ያዩትን በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲተርኩት ማድረግ ነው። የወባ ትኩሳት ለምን በየጊዜው እየመጣ እንደሚሄድ ከመካከላቸው አንዱ ከሕዋሳቱ መፈንዳት ጋር ሲያያይዘው፣ ወባ ካለበት ቆላ የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ የቤቱን ልምድ ሲጨምርበት፣ ትምህርቱ የእነሱ ይሆናል። በሁለተኛው ዙር ድምፁ ሲከፈት የእንግሊዝኛው ቃል ቀድሞ በሚታወቅ ነገር ላይ ያርፋል።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሣ። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በመደበኛ ክፍሎቻችን ውስጥ ከሌሎች ጋር አብረው ይማራሉ። ሙዚቃና ጽሑፍ ብቻ ያለው አኒሜሽን ለእነሱ ባዶ ደቂቃ ነው። መምህሩ እያቆመ፣ ተማሪዎቹ ያዩትን በቃል እየተረኩ የሚሄድ ክፍል ግን እነሱንም ያሳትፋል።

ስለ ፓወር ፖይንት ብዙ ማለት አልፈልግም። ፊደላቱ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጥግ እየበረሩ የሚመጡበት፣ ርዕሱ የሚሽከረከርበት፣ ገጽ በተቀየረ ቁጥር የጭብጨባ ድምፅ የሚሰማበት ዝግጅት ለተማሪው ምንም አይጨምርለትም፤ ዓይኑን ይሰርቀዋል። የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ቀድቶ ስክሪን ላይ መለጠፍም ትምህርቱን ዲጂታል አያደርገውም። ጠቃሚው እንቅስቃሴ ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ የሚገነባው ነው፤ መጀመሪያ ኩላሊቱ ብቻ፣ ቀጥሎ ደሙ የሚገባበት ቱቦ፣ ቀጥሎ የሚጣራበት፣ ቀጥሎ ሽንቱ የሚወጣበት። ይህን ደግሞ ጎበዝ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ድሮም ሲሠራው የኖረ ነው። ጠመኔው መስመር በመስመር ሲሄድ የተማሪው ዓይን አብሮት ይሄዳል፤ ፍጥነቱም የሰው እጅ ፍጥነት ስለሆነ አይቀድመውም። ሰሌዳ ላይ አሳምሮ መሣል የሚችል መምህር ለግምገማ ሲባል ብቻ ወደ ፓወር ፖይንት እንዲሄድ መገደዱ ያሳዝነኛል።

ሌላው ችግር የምናሳያቸው ቪዲዮዎች ለሌላ አገር ልጅ የተሠሩ መሆናቸው ነው። የጂኦግራፊ ባልደረባዬ የሚያጋጥመውን ልጥቀስ። ስለ ወቅቶች መፈራረቅ የሚገኙት አብዛኞቹ አኒሜሽኖች በረዶ ይዘንባል፣ ቅጠል ይረግፋል፣ አበባ ይፈካል፤ አራት ወቅት ቆጥረው ይጨርሳሉ። የእኛ ልጅ በሐምሌ ለምን እንደሚዘንብ፣ የነፋሳት መገናኛ ቀጠናው ወደ ሰሜን ሲሸጋገር እርጥበት አዘሉ አየር ወደ ደጋችን እንዴት እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። በዚያ ላይ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድ በጎን ስለሚሣል እንደ እንቁላል የሞለለ ይመስላል፤ ተማሪው «ሙቀት የሚሆነው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ነው» ብሎ ይደመድማል። መንገዱ ግን ክብ ለመሆን ትንሽ ብቻ የቀረው ነው፤ ምድር ወደ ፀሐይ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ሲሆን፣ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ በ152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ የሚሆነው እንግዲህ ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ባልደረባዬ ቪዲዮውን እዚህ ላይ አቁሞ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትክክል እንደምትሆንም ይነግራቸዋል፤ በሚያዝያው ጊዜ ሰማዩ ከጠራ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ጥላቸው ከእግራቸው ሥር ሲሰበሰብ ያሳያቸዋል። ይህን የትኛውም ስክሪን አይተካውም።

መኮረጁ ቀርቶ የራሳችንን እንሥራ ሲባል ወዲያው የሚነሣው የስቱዲዮና የበጀት ጥያቄ ነው። አስፈላጊ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢንተርኔት ከሚሰጡ አራት ኮርሶች በተሰበሰበ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ቪዲዮው ከ6 ደቂቃ ሲበልጥ ተመልካቹ እየተወው ይሄዳል፤ መምህሩ በእጁ እየሣለ የሚያስረዳባቸው ቪዲዮዎችም ከፓወር ፖይንት ገጾች ይልቅ ተመልካች ይዘዋል። ያ ጥናት የለካው ምን ያህል እንደታየ እንጂ ምን ያህል እንደተማሩ አለመሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ለእኛ አቅም የሚስማማ ነገር ይነግረናል፦ የመምህሩ እጅ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና መካከለኛ ስልክ ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የሚኒ ሚዲያ ክበባት ከማለዳ ዜናና ከግጥም በተጨማሪ ይህን ሥራ ቢይዙ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሕዋስ ክፍፍልን በሸክላ ጭቃ ቅርጽ ሠርተው ፎቶ በፎቶ እያነሡ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። የሕዋስ ክፍፍልን በዚያ መንገድ የሠራ ልጅ ደረጃዎቹን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም። ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ደግሞ የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርባቸው ፌት የተባሉ ማሳያዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ፣ ተማሪውም ቁጥሩን እየቀያየረ ውጤቱን ስለሚያይ፣ ከሚሮጥ ቪዲዮ እጅግ ይሻላሉ።

የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። አንድ መምህር ለአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ተስማሚውን ፈልጎ፣ የት ላይ እንደሚያቆም ወስኖ፣ ምን እንደሚጠይቅ ጽፎ ለመዘጋጀት ከክፍለ ጊዜው የሚበልጥ ሰዓት ያጠፋል። ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ሞልቶ፣ ለአንድ ክፍል በመመሪያ ከተቀመጠው 40 ተማሪ በላይ እያስተማረ፣ የተከታታይ ምዘናውን እያረመ ይህን ማድረግ አይችልም። አንድ የትምህርት ክፍል ተከፋፍሎ ቢያዘጋጅና በቴሌግራም ቢለዋወጥ ጫናው ይቀላል፤ ርዕሳነ መምህራን ይህን እንደ ሥራ ሰዓት ቢቆጥሩት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ፕሮጀክተር ከመግዛት በፊትም የመስኮት መጋረጃ ይታሰብበት፤ በቀን ብርሃን የደበዘዘ ምስል ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ ግድግዳ ላይ የተረጨ ጭጋግ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ ማጉያው እንደማይሰማ ለመናገርም አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ እንግዲህ ድምፅ ዘግቶ የማስተማሩ ዘዴ ለሰኔ ወር በተለይ ይበጃል።

ስለ ምልከታ ቅጹ የጀመርኩትን ልጨርስ። ቅጹ ቴክኖሎጂ ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም ብሎ እስከጠየቀ ድረስ መምህሩ ምልክቱን ለማግኘት ሲል ቪዲዮ ያሳያል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ ይዘጋዋል። በዚያ ጥያቄ ፋንታ ሦስት ባዶ መስመሮች እንዲገቡ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አሳስባለሁ፦ መምህሩ ቪዲዮውን በስንተኛው ደቂቃ ላይ አቆመው? ያኔ ምን ጠየቀ? ተማሪዎቹስ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ደብተራቸው ላይ ምን ሣሉ ወይም ጻፉ? ሱፐርቫይዘሩ ለሦስተኛው መልስ ለማግኘት ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በተማሪዎቹ መካከል መዞር ይኖርበታል፤ ቪዲዮ ያላሳየ፣ በጠመኔ ብቻ ያስተማረ መምህርም በዚሁ በሦስተኛው መስመር ይመዘን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር